የማኅበሩ መኪና ፍሬን ሲላላ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)








በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ወተት ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን እነዚህን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚሄደው መኪና ነው። ማዳበሪያው መጋዘን፣ ወተቱ ከተማ፣ አትክልቱም ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። መኪናው መሄዱን ሁሉም ሰው ያያል። መቆሙን ግን እስኪያቅተው ድረስ ልብ የሚለው የለም። ስለዚህ ይህ ንግግር የሚያተኩረው በፍሬን ላይ፣ በተለይም በፍሬን መስመር ውስጥ ስለሚገባ አየርና ያንን አየር በግቢ ውስጥ ስለ ማስወጣት ነው።

ቦታው የሚጠይቀው ፍሬን

የካ ክፍለ ከተማ ሜዳ አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያሉት ዳገቶች፣ የየካ ተራራ ግርጌ፣ ከካራ በኮተቤ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚገባው መንገድ፣ ሁሉም ሲጫን የሚፈትን ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ የከተማው መካከል ደግሞ 2400 ሜትር አካባቢ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 5 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት የሚችል ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋስና ሞተር ይወስዱታል። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በየጎማው ውስጥ ባለው ታምቡር፣ ዲስክና የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ከዚያም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል።

ደጋነቱ ራሱም የራሱ ጣጣ አለው። በ3000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የሹፌሩን እግር የሚያግዘው፣ መካኒኮች ሰርቮ የሚሉት ዕቃ የሚሠራው በዚሁ የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ የሚወርድ ሹፌር ከሰርቮው የሚያገኘው እርዳታ ቆላ ላይ ከሚያገኘው ያነሰ ነው።

አየር በፍሬን ውስጥ ምን ያደርጋል?

በፒካፕ መኪኖችና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ፍሬን በዘይት የሚሠራ ነው። ሹፌሩ መርገጫውን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ዘይቱን ይገፋዋል። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ በየጎማው ያለውን ትንሽ ፖምፓ ይገፋል፤ እሱም ሸራውን ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። ይህንኑ ሐሳብ ለመኪና ፍሬን ያዋለው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ ነው።

ነገሩ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የሚይዘውን ሲሪንጅ እናስብ። ውሃ ብቻ ሞልቶ ጫፉን በጣት ደፍኖ ቢገፉት አይነቃነቅም። ትንሽ አየር ከገባበት ግን ይገባል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል። ጣቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ግን ትንሽ ነው። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ይታመቃል። በፍሬን መስመር ውስጥ አየር ሲኖር የሹፌሩ እግር የሚደክመው አየሩን በማመቅ ነው። ጎማው ዘንድ የሚደርሰው የተረፈው ኃይል ብቻ ነው። የመስኖ ውሃ ሞተር አየር ሲስብ ጩኸቱ እያለ ውሃው እንደሚጠፋ ሁሉ፣ አየር የያዘ ፍሬንም መርገጫው እየወረደ መኪናው አይቆምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በከባድ የጭነት መኪናና በትልልቅ አውቶቡሶች ላይ ያለው ፍሬን በታመቀ አየር የሚሠራ ነው። እዚያ አየር ሠራተኛ ነው፤ ጠላቱ በአየር ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። በዘይትና በአየር ተቀላቅሎ የሚሠራም አለ። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር በዘይት ብቻ ለሚሠራው ፍሬን ነው። የሌላው ሥራ የጋራዥ ባለሙያ ድርሻ ነው።

መርገጫው ምን ይላል?

መኪና አፍ ባይኖረውም በመርገጫው ይናገራል።

መርገጫው እንደ ስፖንጅ ከላላና ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ እያለ ከጠነከረ አየር መግባቱን ያሳያል። ወደ ታች ርቆ ወርዶ ሲያበቃ ግን ጠንካራ ከሆነ፣ በሁለተኛው ርግጫም ከፍ ካለ፣ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ወይም አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ዘይት የሚፈስበት ቦታ አለ፣ አለዚያም የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ ተበልቷል። መርገጫው እንደ ድንጋይ ከጠጠረና መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ሰርቮው መታየት አለበት።

ከእነዚህ ውስጥ አየር በማስወጣት ብቻ የሚፈታው የመጀመሪያው ነው። እሱም ቢሆን አየሩ ከየት እንደገባ ሳይታወቅ አይዘጋም። ሸራ ወይም ፖምፓ ሲቀየር፣ ቱቦ ሲፈታ፣ የዘይት ማስቀመጫው ባዶ እስኪሆን ሲዘነጋ አየር ይገባል። እንዲህ ያለው ምክንያቱ የታወቀ ነው። ማንም ሳይነካው የላላ ፍሬን ግን የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለው። ጎማ ሥር፣ በቱቦ መጋጠሚያ፣ በታምቡር ጀርባ እርጥበት ካለ መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም። አየር እያስወጡ መንዳት የሚፈሰውን ጋን ሳይደፍኑ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ብዙ ሹፌሮች የላላውን ፍሬን ሁለት ሦስት ጊዜ «እየጨመቁ» ወራት ይገፋሉ። ለሜዳው መንገድ በቂ ሊመስል ይችላል። ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ሲገባ ግን ሦስት ጊዜ ለመርገጥ ጊዜ የለም።

የፍሬን ዘይት ባሕርይ

በዘይት ማስቀመጫው ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። መገዛት ያለበት እዚያ የተጻፈው ነው። እነዚህ ዘይቶች እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አላቸው። ያልተከፈተ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን መመዘኛው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ያረጀ ዘይት የያዘ መኪና ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ይታመቃል። መርገጫው በአንድ ጊዜ ወለል ይነካል።

በጣም የሚያታልለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናው እንደምንም ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ መርገጫውም ይጠነክራል። ሹፌሩ «ተሻለው» ብሎ ይነሳል። ይህ መዳን አይደለም። በሚቀጥለው ቁልቁለት ይደገማል።

ስለዚህ በመጋዘን ጥግ ከአምና ክረምት ጀምሮ ተከፍቶ የተቀመጠ ግማሽ ጣሳ ዘይት ቁጠባ አይደለም። ትንንሹን ጣሳ ገዝቶ፣ ሥራው ላይ ከፍቶ፣ የተረፈውን አለመመለስ ይሻላል። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በ2 ዓመት አንዴ እንዲቀየር ይመክራሉ። የሞተር ዘይት፣ ውሃ ወይም ሌላ ቅባት በፍሬን ውስጥ መጨመር በጭራሽ አይገባም። የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ መላውን መስመርም ያበላሻል።

አሠራሩ

ለሥራው ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ረጋጭ፣ አንዱ ፈቺ ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም። በልኩ የሆነ ቁልፍ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ክሪክና ታኮ ይበቃል።

አንደኛ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። ጎማ ማውለቅ ካስፈለገ ከሥር ጠንካራ ማቆሚያ መደረግ አለበት። ክሪክን ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መግባት ነፍስን ማስያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ የዘይት ማስቀመጫው ክዳን ዙሪያ ሳይከፈት በፊት በጨርቅ ይጸዳል። ያለው ዘይት ከጠቆረ በንጹሕ ሲሪንጅ ተመጥጦ በአዲስ ይሞላል። በሥራው መካከል ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች መውረድ የለበትም። ማስቀመጫው ባዶ ከሆነ አዲስ አየር ከላይ ይገባና ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ በየ4 እና 5 ርግጫው መሙላት ነው።

ሦስተኛ፣ በአብዛኛው የሚጀመረው ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው። መሪያቸው በግራ በሆነ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ቅደም ተከተሉ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ ይሆናል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የተለየ ነው። በአንድ ጎማ ላይ ከአንድ በላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ያላቸውም አሉ። የአምራቹ መመሪያ ካለ ቅድሚያ የእሱ ነው። ጎማ እንዳይቆልፍ የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ልዩ መሣሪያ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይመረጣል።

አራተኛ፣ የብሎኑ ጫፍ ይጸዳል፣ የላስቲክ ቱቦው ይሰካበታል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ትንሽ አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ይህ የሚደረገው አየር ተመልሶ እንዳይሳብና አረፋው እንዲታይ ነው። የዛገ ብሎን በጉልበት አይታገልም። ከተቆረጠ ወጪው ይበዛልና ባለሙያ ይጠራል።

አምስተኛ፣ ረጋጩ መርገጫውን ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጦ በመጨረሻው ላይ ይይዝና «ይዣለሁ» ይላል። ፈቺው ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይፈታል። ዘይትና አረፋ ይወጣል፣ መርገጫውም ይሰምጣል። ረጋጩ እግሩን አያነሳም። ፈቺው ብሎኑን አጥብቆ «ልቀቅ» ሲል ብቻ ይለቃል። ብሎኑ ክፍት ሳለ እግር ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነውና ሁለቱ ሰዎች ከዚህ ንግግር ውጭ ሌላ ወሬ ባያወሩ ይመረጣል። በቆየ መኪና ላይ መርገጫውን እስከ ወለል መስደድ የፖምፓውን ጎሚኒ ሊጎዳ ስለሚችል ከሥሩ እንጨት ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ስድስተኛ፣ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። ከዚያም ብሎኑ ይጠበቅና ወደ ሚቀጥለው ጎማ ይታለፋል።

የወጣው ዘይት ተመልሶ መኪና ውስጥ አይገባም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ መታጠብ አለበት፣ ቀለሙን ይልጠዋልና። ከሁሉ በላይ ግን ዘይቱ መርዝ ነው። የወጣበት የሃይላንድ ጠርሙስ ተለቅልቆ ለውሃ መጠጫ እንዳይመለስ፣ ለቆራሌውም እንዳይሸጥ፣ ልጆችና ከብቶች ከማይደርሱበት ቦታ ተለይቶ ይቀመጥ። በማሳና በውሃ መውረጃ ላይ አይደፋም።

ከሥራው በኋላ

ሞተሩ ሳይነሳ መርገጫው ተረግጦ መጠንከሩ ይታያል። ከዚያ እግር ሳይነሳ ሞተሩ ሲነሳ መርገጫው ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ ሰርቮው መሥራቱን ያሳያል። ለ1 ደቂቃ ጠንክሮ ተይዞ ከዚያ በላይ መስመጥ የለበትም። የነኩት ብሎን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ እርጥበት መኖሩ ይፈተሻል። የወለቀ ጎማ ካለ ዳዶው ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሙከራ በግቢ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው። እንጦጦ ዳገት የፍሬን መሞከሪያ ቦታ አይደለም። መርገጫው ከሁለት ዙር በኋላም ካልጠነከረ ተጨማሪ ዘይት ማፍሰስ ትርፍ የለውም፤ ሌላ ብልሽት አለና መኪናው ይቁም።

ዘይቱ አዲስ፣ መስመሩ ንጹሕ ቢሆንም አነዳዱ ካልተስተካከለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም ያስፈልጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ አውጥቶ በነፃ መልቀቅ የሞተሩን ጉተታ ያስቀርና ጭነቱን ሁሉ ፍሬን ላይ ይጥላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ቦታ ፈልጎ መቆምና በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚሁ በኮተቤ በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚዘልቀው መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣና በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። እህል ለመጫን እዚያ የሚሄድ የማኅበር መኪና ካለ ፍሬኑ መታየት ያለበት ከመነሻው ነው።

የፍሬኑ ባለቤት ማን ነው?

ከዚህ በላይ የተባለውን ጥሩ ሹፌር ሁሉ ያውቀው ይሆናል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ችግር ግን ሌላ ነው። የግል መኪና ፍሬን ሲላላ ባለቤቱ ያውቃል፣ ይፈራልም። የማኅበር መኪና ሲሆን ሹፌሩ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያለሁ ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ግዥው በኮሚቴ ይታያል ይላል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። በመካከሉ ወተቱ ማለዳ መድረስ ስላለበት መኪናው ይወጣል። ማንም ክፉ አልሠራም። ሆኖም የሁሉም የሆነው ፍሬን የማንም ሳይሆን ቀርቷል። ከጭነቱ ላይ የተሳፈሩት አባላት ደግሞ ይህን አያውቁም።

ለዚህ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይከፈት። የፍሬን ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ አየር የወጣበት ምክንያት፣ የሠራው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍበት። በአንድ ዓመት ውስጥ አየር ደጋግሞ የወጣለት መኪና መታከም ያለበት ሕመም እንዳለው ደብተሩ ራሱ ይናገራል። የቁጥጥር ኮሚቴው የገንዘብ መዝገብ ሲያይ ይህንንም ይይ። በዓመት አንዴ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የዚያን ቀኑን ሁኔታ ነው የሚያረጋግጠው፤ የቀሩትን ቀኖች የሚጠብቀው የማኅበሩ ሰው ነው።

ለፍሬን ዘይት፣ ለሸራና ለጎሚኒ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ የኮሚቴ ስብሰባ ሳይጠበቅ በሥራ አስኪያጁ እጅ ይሁን፤ ሒሳቡ በደረሰኝ ይወራረድ። ከሁሉም በላይ «መርገጫው ላልቷል፣ አልወጣም» ያለ ሹፌር የቀን አበሉ እንዳይቆረጥ፣ በሰነፍነትም እንዳይታማ ጠቅላላ ጉባኤው በግልጽ ይወስን። አንድ ቀን የቀረ ወተት ኪሳራው ይቆጠራል። በፍሬን ምክንያት የጠፋ ሰው ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይተካም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላልና ያገራችን ሰው፣ ለዚህ ዓመት በዓል መታሰቢያ የሚሆን አንድ ሥራ ቢፈለግ ከበዓሉ ማግስት የየማኅበሩን መኪና ግቢ አስገብቶ መርገጫውን መርገጥ ነው። ከጠነከረ እሰየው፤ ከላላ ሥራው ተነግሯል።

በዓሉ የደስታ፣ መንገዱም የሰላም ይሁን።